ደም ያላየው ጥምቀት

ባለፈው ክረምት ጎንደር ማራኪ አካባቢ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ እመቤት የጓደኛዬ እናት ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ስልካቸውን አውጥተው አንድ አጭር ቪዲዮ አሳዩኝ። የሚያወራው ሰውዬ በጣም እርግጠኛ ነው። "ከእንግዲህ ባይፖላርን ከድባቴ በደም ምርመራ መለየት ተችሏል" ይላል።

እማማ ቪዲዮውን አቆሙትና ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄ እውነት ነው? እውነት ከሆነ የእኔን ልጅ ለምን አራት ዓመት ሙሉ አንከራተቱት?"

በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ቪዲዮው እውነትም አለበት፤ ሳይነገር የቀረም ብዙ አለ። ያን ቀን እየተንተባተብኩ የመለስኩትን እዚህ በደንብ ለማስረዳት ልሞክር።

አስቀድሜ የልጃቸውን ነገር ላንሳ። እሱም እሳቸውም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ማንነቱን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ጓደኛዬ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችው። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ቀስ በቀስ ፈዘዘ። ሱቁን መክፈት አቃተው። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፤ ሲነሳም ሰውነቱ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። ስናዋራው መልሱ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። ጎረቤት "ዓይን በልቶት ነው" አለ። እናቱ ግን ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። አንድ የጤና ተቋም ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል አነጋገሩት። ድባቴ ነው ተባለ። አሚትሪፕቲሊን የሚባል እንክብል ታዘዘለት።

በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋው ተነሳ። ቤተሰቡ እልል አለ። በአራተኛው ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሌሊት ከፒያሳ አዘዞ ድረስ በእግሩ ሄዶ ይመለሳል። ካሜራውን ለማያውቀው መንገደኛ ሰጠ። ከንግግሩ ፍጥነት የተነሳ የሚለውን መከተል አቃተን። ከዚያ ጠበል ሄደ፤ ከጠበል ሌላ ሐኪም፣ ከዚያም ሌላ እንክብል። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ አንዲት የአእምሮ ጤና ባለሙያ እናቱን ለብቻቸው አስቀምጣ ጠየቀቻቸው። "እማማ፣ ገና ሳይታመም በፊት፣ ብዙ ቀን ሳይተኛ የከረመበት ጊዜ ነበር? እንቅልፍ አጥቶም ያልደከመበት?"

እማማ ትንሽ አሰቡ። "ያን ጊዜ በጥምቀት ነው እንጂ" አሉ።

ነገሩ የሆነው ድባቴው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከከተራ ጀምሮ ስምንት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም ነበር። ፋሲለደስ መዋኛ ሲጨፍር አደረ፤ ታቦት ሲሸኝ ዋለ። ታቦቱ መንበሩ ከገባ በኋላም እሱ አላቆመም። ሆቴል እከፍታለሁ ብሎ ከሦስት ሰው ገንዘብ ተበደረ። ሰዉ ሁሉ "በዓሉ ገብቶት ነው" አለ። ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ማን ይተኛል? የእሱን አለመተኛት ልብ የሚል ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ደጅ ነበርን።

እኔም አብሬው ነበርኩ። በኋላ ሲታመም ያን ጥምቀት ለሐኪም ልንገር ብዬ አስቤ አላውቅም። የጠየቀኝም አልነበረም።

አንድ ፊት፣ ሁለት ሕመም

ባይፖላር ሁለት ጫፍ ያለው የስሜት ሕመም ነው። አንዱ ጫፍ መውደቅ ነው፤ ድባቴ የምንለው። ሌላው ጫፍ ማኒያ ይባላል። ሰውየው ሳይተኛ ያድራል፤ ግን አይደክመውም። ሐሳቡ ይሮጣል። ገንዘብ ይበትናል። ራሱን ከሁሉ በላይ አድርጎ ያያል። ቀለል ያለው ዓይነት ሃይፖማኒያ ይባላል፤ እሱ ከጥሩ ስሜት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሌላው ሕመም ደግሞ አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ድባቴ ነው። ይህ ያለበት ሰው መውደቅን እንጂ መናርን አያውቅም።

ሁለቱን በስም የለያቸው ጀርመናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ሊዮንሃርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በስዊዘርላንድ ዩልስ አንግስት፣ በስዊድን ካርሎ ፔሪስ የየራሳቸውን ጥናት አውጥተው ልዩነቱን አጠናከሩት። ስለዚህ ልዩነቱ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ወድቆ የመጣውን ሰው ሐኪም ፊት አስቀምጦ መለየቱ ነው። ሁለቱም አይበሉም፣ ሁለቱም አይስቁም፣ ሁለቱም ሞት ይመኛሉ።

በዚያ ላይ ባይፖላር ያለበት ሰው ብዙውን የሕመም ጊዜ የሚያሳልፈው ወድቆ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕሙማንን ከ12 ዓመት በላይ በየሳምንቱ የቆጠረ ጥናት አለ። ዋናው ዓይነት (ሙሉ ማኒያ የሚመጣበት) ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ከሳምንቶቹ 32 በመቶ ያህሉን በድባቴ ምልክት ነው ያሳለፉት። በማኒያ ወይም በሃይፖማኒያ ያሳለፉት 9 በመቶ ገደማውን ነው። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱትም ሲወድቁ ነው። "ዶክተር፣ ደስታ በዛብኝ" ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው የለም።

ለዚህ ነው እማማን አራት ዓመት የፈጀባቸው ነገር የእሳቸው ቤት ብቻ ያልሆነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ መጀመሪያ የተሰጣቸው ስም ስህተት ነበር። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ትክክለኛውን እስኪያገኙ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተዋል። ይህ የሆነው የሥነ አእምሮ ሐኪም በሞላበት አገር ነው።

ሕመሙ እኛ ዘንድም አለ። ቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያየ ጥናት ዋናውን የባይፖላር ዓይነት ከ200 ሰው በአንዱ ላይ ገደማ አግኝቷል። ያ ገጠር ነው። "የከተማ በሽታ ነው" ለሚል ሰው መልሱ ይኸው።

ስሙ መለየቱ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ስለሚለይ ነው። አንድ ጫፍ ያለው ድባቴ በፀረ ድባቴ እንክብል ይታከማል። ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ያንኑ እንክብል ብቻውን ከወሰደ ወደ ማኒያ ሊወረወር ይችላል። በዚህ በኩል አሚትሪፕቲሊን ያለበት የቆየው የመድኃኒት ቤተሰብ እንደ ፍሉኦክሰቲን ካሉት አዳዲሶቹ ይልቅ ያሰጋል። ባይፖላር የሚያስፈልገው እንደ ሊቲየም ያለ ስሜት አረጋጊ ነው፤ ወይም እንደ ኦላንዛፒን ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች።

ከካምብሪጅ የመጣው ዜና

አሁን ወደ ቪዲዮው ልመለስ። ሰውዬው ከየት እንዳመጣው ባይናገርም ስለ አንድ የታወቀ ጥናት ይመስለኛል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ያኩብ ቶማሺክና ሳቢን ባን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ያወጡት ነው።

መረጃው የተሰበሰበው ከ2018 እስከ 2020 በእንግሊዝ ነው። ከ3,000 በላይ ሰዎች በኢንተርኔት ከ600 በላይ ጥያቄዎችን መለሱ። የተፈለገው ባለፉት አምስት ዓመታት ድባቴ አለባችሁ ከተባሉትና አሁንም ምልክቱ ካለባቸው መካከል ባይፖላር ያለባቸውን መለየት ነው። ጥያቄውን ከመለሱት 1,000 ያህሉ ደም እንዲልኩ ተጠየቁ። አሰጣጡን እዚህ ማንም ያውቀዋል፤ ልክ እንደ ወባ ምርመራ ጣት ይወጋል። ጠብታው ወረቀት ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በፖስታ ይላካል።

ላቦራቶሪው በደረቀው ደም ውስጥ ከ600 በላይ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ለካ። ሰውነት ምግብ ሲያቃጥል፣ ስብ ሲሠራና ሲያፈርስ የሚተርፉ ናቸው። በዋናው ትንታኔ የገቡት 241 ሰዎች ነበሩ። ከነሱ 67ቱ ድባቴ ብቻ ተብለው የቆዩ፣ በእርግጥ ግን ባይፖላር ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ወገን ለመለየት የሚረዱ 17 ንጥረ ነገሮችን መረጡ። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ሴራማይድ የሚባል የስብ ዓይነት ነው። እውነተኛ ግኝት ነው፤ ሳነበው ደስ ብሎኛል።

ግን ምን ያህል ይለያል? ከባይፖላሮቹ አንድ፣ ከድባቴዎቹ አንድ ሰው በዕጣ አውጡ እንበል። ከዚያ የማንኛቸው ደም ባይፖላር እንደሚመስል ምርመራውን ጠይቁት። ከ100 ጊዜ 71ዱን ያህል ትክክል ይላል። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ታገኛላችሁ። ከሳንቲም ይሻላል፤ ለፍርድ ግን አይበቃም። ራሳቸው ተመራማሪዎቹም ደሙ ብቻውን ባይፖላር ካለባቸው እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ሊለይ እንደሚችል ነው የተናገሩት። ከጥያቄዎቹ ጋር ሲጣመር የበለጠ ይሠራል አሉ። ቪዲዮው ይህችን ነገር ዘሏታል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ነው። የተሻለ ምርመራ መጣ እንበል፤ ከ100 ባይፖላር 80ውን የሚይዝ፣ ከ100 ድባቴም 80ውን ባይፖላር አይደለም ብሎ የሚያሰናብት። ጥሩ ይመስላል። አሁን ድባቴ ይዟቸው የመጡ 1,000 ሰዎችን እናስብ። ከነሱ 150ዎቹ በእርግጥ ባይፖላር ያለባቸው ይሁኑ። ቁጥሩን የወሰድኩት ለስሌት ነው። ምርመራው ከ150ዎቹ 120ውን ያገኛል። 30ው ያመልጡታል። ከቀሩት 850 ደግሞ 170ውን በስህተት ባይፖላር ይላቸዋል። "ባይፖላር ናችሁ" የተባሉት በጠቅላላው 290 ሆኑ። ከነሱ እውነት የሆነላቸው 120 ብቻ ናቸው። ከግማሽ በታች ማለት ነው።

የነዚያ የ170ዎቹ ነገር ያሳስበኛል። ስም ብቻ ተሰጥቷቸው አይቀሩም፤ መድኃኒት ይከተላል። ከስሜት አረጋጊዎቹ አንዱ ሶዲየም ቫልፕሮኤት ነው። እርጉዝ የሆነች ሴት ስትወስደው ከአሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ ከባድ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከአሥር ሦስት ወይም አራቱ ደግሞ በአእምሮ እድገት ወደኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ልጃገረዶች አይሰጥ ብሏል። የተሳሳተ የደም ውጤት አንዲት የ20 ዓመት ልጅን እዚህ መድኃኒት ላይ ቢጥላት ማን ይመልስላታል?

ደሙን ማን አረመው?

ጥናቱን ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። 67ቱ ሰዎች ባይፖላር መሆናቸው በምን ታወቀ? በደም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው ቃለ መጠይቅ አለ፤ በስልክ ደውለው በእሱ ጠየቋቸው። "እንዲህ የሆንክበት ጊዜ ነበር ወይ? ስንት ቀን ቆየ? ትተኛ ነበር?" የደሙ ምርመራ ትክክል ነው ወይስ ስህተት የሚባለው ከዚያ መልስ ጋር ተመሳክሮ ነው።

ደሙ ተማሪ ነው፤ መልሱን የያዘው ቃለ መጠይቁ ነው ማለት ነው። የተመረጡት ንጥረ ነገሮችም በዋናነት የተያያዙት ሰውየው በሕይወቱ ካየው የማኒያ ምልክት ጋር ነው። ከዚያ ጥምቀት ጋር እንደማለት ነው።

ወባን ያነሳሁት ለጣት መወጋቱ ብቻ አልነበረም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ከመከፈቱ አንድ ዓመት በፊት ደንቢያን ወባ ፈጅቷት ነበር። አያቶቻችን ያንን ያስታውሳሉ። ወባን ከደም ማወቅ የተቻለው ተውሳኩ ራሱ በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ነው። ሌባው እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ባይፖላር እንዲህ የሚታይ ተውሳክ የለውም። ሴራማይድ ቢበዛም ቢያንስም ዱካ ነው። በዚያው መንገድ ደግሞ ሌላም ያልፋል፤ ሴራማይድ በልብ ሕመምና በስኳርም ይለዋወጣል።

እዚህ ላይ የራሳችን ጥያቄ ይመጣል። ሴራማይድ ስብ ነው። በደም ውስጥ ያለ ስብ ከምንበላው ጋር ይወጣል ይወርዳል። የጎንደር ሰው ሁዳዴን 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ ያሳልፋል። ፍልሰታና ነቢያት፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ የአንድ ምዕመን ጾም በዓመት 180 ቀን ይደርሳል። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ዶሮውና ቅቤው ይመጣል። እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው መለኪያ በመጋቢትና በሚያዝያ የተወሰደውን የአንድ ጎንደሬ ደም እንደ አንድ ሰው ደም ያነበዋል ወይ? ይህ እዚሁ፣ በእኛ ሰው ላይ መጠናት አለበት። ወባ፣ ሌሎች ኢንፌክሽኖችና ጫትም የሚያዛቡት ነገር ካለ አብሮ መታየት አለበት።

ይህን ስል ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የደረቀ ጠብታው ነገር ለእኛ አገር በጣም ይማርካል። ከደባርቅ ወይም ከጭልጋ ጠብታውን በወረቀት አድርቆ በፖስታ መላክ ሰውየውን በሌሊት አውቶቡስ ከማምጣት ይቀላል። ቢሆንም የሚለካው ማሽን እጅግ ውድ ነው።

ካምብሪጅ ብቻውን አይደለም። አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ አሌክሳንደር ኒኩሌስኩ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 በደም ውስጥ ባለ አርኤንኤ (የጂንን መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር) ላይ የተመሠረተ ምርመራ አቅርቧል። አልሴዲያግ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅትም በዚያው በአርኤንኤ ለውጥ ላይ ይሠራል። ያም ሆኖ ትልልቆቹ የሕክምና መመሪያዎች እስካሁን ባይፖላርን በደም ለዩ አይሉም።

እንዲህ ያለ ተስፋ ከዚህ በፊትም መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በርናርድ ካሮልና ባልደረቦቹ ከባድ ድባቴን በላቦራቶሪ ለማወቅ የሚያስችል ምርመራ አቀረቡ። ሰውየው ማታ ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ይወስዳል፤ በማግስቱ በደሙ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን ይለካል። ብዙዎች ተቀበሉት። ጥቂት ቆይቶ ግን ያው ውጤት በመርሳት ሕመም፣ በመጠጥ፣ ክብደት በመቀነስም እንደሚመጣ ታየ። ምርመራው ከዕለት ተዕለት የሥነ አእምሮ ሕክምና ወጣ።

ለምን ደም እንደምንፈልግ

እማማን ጠየቅኳቸው። "የደም ውጤት ቢኖር ምን ይለወጥ ነበር?" ስለ መድኃኒት የሚመልሱ መስሎኝ ነበር።

"ሰው ያምነኝ ነበር" አሉ። "ወረቀት አሳያቸው ነበር። ስኳር ያለበት ወረቀት አለው፣ ደም ግፊት ያለበት ወረቀት አለው። የእኔን ልጅ ግን ቀበጠ፣ ጠገበ፣ ዛር አለበት ነው ያሉት።"

አልረሳውም። ደም ስንፈልግ ከሕክምናው ባሻገር ምስክር ነው የምንፈልገው። ሕመሙ የጠባይ ጉድለት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ማኅተም ያለበት ወረቀት። በዚህ እማማን አልፈርድባቸውም። ግን ማይግሬንም በደም አይታይም፤ ማይግሬን ያመመውን ሰው ውሸታም የሚለው የለም። ወረቀቱ እስኪመጣ ልጃቸውን ማመን ነበረብን። እኔን ጨምሮ።

ደም ዛሬም ሥራ አለው። ድባቴ የመሰለው የእንቅርት ዕጢ መዳከም ሊሆን ይችላል። ማኒያ የመሰለውም የዚያው ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት ሊሆን ይችላል። እንቅርት በደጋው ሰው የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የዕጢው ምርመራ አይዘለል። የደም ማነስም ሰውን ያደክማል፣ ያፈዛል። እነዚህ ባይፖላርን አይነግሩንም፤ ሌላውን ግን ከመንገድ ያነሱልናል።

ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ያለ ደም ምርመራ መኖር የለበትም። ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ እንደሚጠቅም ካሳየ ጀምሮ ከሊቲየም የሚበልጥ አረጋጊ ብዙ አልተገኘም። በየፋርማሲው እንደልብ አይገኝም እንጂ። ልኩ ጠባብ ነው። እንክብሉ ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ሲለካ በአብዛኛው በሊትር ደም ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል መሆን አለበት። ከ1.5 ካለፈ መመረዝ ይጀምራል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሳል፣ እግር ይስታል። ውኃ ማጣት ልኩን ያወጣዋል። ጨው በድንገት መቀነስም እንዲሁ። ለወገብ ሕመም የሚገዛው ዳይክሎፌናክም ያወጣዋል። ሊቲየም እየወሰደ መተማ በዚያ ሙቀት ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርድ ልጅ፣ ወይም ውኃ ሳይቀምስ የሚያከፍል ሰው፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ኩላሊትና እንቅርት ዕጢም በየጊዜው ይታያሉ።

እስከዚያው ግን ሁለቱን ሕመሞች የሚለየው ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ለቤተሰብ መቅረብ አለበት፤ የወደቀ ሰው የናረበትን ጊዜ ወይ አያስታውሰውም፣ ወይ እንደ ሕመም አያየውም። "ማኒያ ነበረበት ወይ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። "ከመጠን በላይ ደስተኛ ነበር?" ቢባልም እናት ልጇ ደስ ብሎት ነበር ብላ አትከስም። እንቅልፉን ጠይቁ። ወጪውን ጠይቁ። በዓል እየጠቀሳችሁ ጠይቁ፤ የእኛ ሰው ቀን የሚያስታውሰው በቁጥር አይደለም፤ በመስቀል፣ በጥምቀት፣ በፋሲካ ነው። "ካቻምና በፋሲካ እንዴት ነበር? ከበዓሉ በኋላስ ተኛ?" የበዓል ደስታ ከበዓሉ ጋር ያልቃል። ማኒያ ታቦት ገባ ብሎ አያቆምም።

አራስ ቤትንም ጠይቁ። እኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሰይጣን ይነካታል ይባላል። ከወለደች በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ ያጣች፣ የሌለ ነገር ያየች፣ የዘባረቀች ሴት ከሆነች ግን ነገሩ ከባይፖላር ጋር በጣም የተሳሰረ ነው። ይህን ያወቀ ሐኪም ከዓመታት በኋላ ድባቴ ይዟት ስትመጣ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል። በቤተሰብ ባይፖላር ያለበት ሰው መኖሩ፣ ድባቴው ከ25 ዓመት በፊት መጀመሩ፣ ከመጠን በላይ መተኛት፣ በፀረ ድባቴ እንክብል መናር፣ እነዚህም ጥርጣሬን ያጠነክራሉ። አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሲደራረቡ ግን ጆሮ ይሰጣቸው።

ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ነርስ ስንት ሰው በቀን እንደምታይም አይቻለሁ። ቢሆንም የአሥር ደቂቃው ጨዋታ አራት ዓመት አስከፍሎናል።

እማማ ደብተር ጀምረዋል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙት ዓይነት፣ 50 ቅጠል። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን እንደገዛ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ይጽፋሉ። ወደ ክትትል ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የምትከፍተው እሱን ነው፤ የሊቲየሙን ውጤት ከዚያ በኋላ ነው የምታየው።

ዘንድሮ ከተራ አብረን ፋሲለደስ ወረድን። ሰዉ ገና እየጎረፈ ሳለ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ "እኔ ልግባ" አለኝ። እስከ ቤቱ ሸኘሁት። በማግስቱ እማማ ደብተሩን አሳዩኝ። "ጥር 10፤ ሰባት ሰዓት ያህል ተኝቷል። ጠዋት ራሱ ተነስቶ ነጠላውን ለበሰ" ይላል።